ግራው ዝም ያለ ለት

ባለፈው አርብ ማታ፣ በዘይቱና ሽኝት፣
ትከሻ ሲፈታ፣ ገና በሦስት ሰዓት፣
አሮጌው ሚክሰሬ ግራ ጎኑ ጠፋ።
መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ቀጥሎ አንኮራፋ፣
ከዚያ ዝም።
ግራው ሲጠፋበት ግራ ገባኝ እኔም፤
በቀኙ ብገፋው፣ ብመታው፣ ብነቀንቀው፣
በአንድ እግሩ የቆመ ዘፈን እስከ ስንት ሊጨፍር ነው?
ዘይቱና በግማሽ ዜማ ተሰናብታ፣
ሻንጣዋን ጎተተች በነጋታው ማታ።

ማክሰኞ ናይፍ ወረድኩ። ነሐሴ ነው፤
አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጥፏል።
ከሰብኻ ጀርባ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ራቅ ብሎ፣
ሻጂ ሱቁ ውስጥ አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
ግማሽ ዓረብኛ፣ ሩብ ህንድኛ፣ ሩቡ የኛው ነው፤
«እሺ ወንድሜ»ን ከልጆቻችን አፍ ነው የለቀመው።
ምላሱ ራሱ ሚክሰር። «ስንት ቻናል?» አለኝ፣
ፈገግታውን እንደ ድምፅ ከፍ አድርጎልኝ።

መጀመሪያ ያወረደው መብራቱ ዓይን ያጠፋል።
«ኤኮ አለው» አለና ማይኩን አቀበለኝ፤
«ወይኔ» አልኩ ለሙከራ፤ ሰባቴ መለሰልኝ፤
ወይኔ… ይኔ… ይኔ…
ሻጂ ደስ አለው። ግን ለእነትርንጎ፣ ለእኔ፣
አንዷም አላነሰች፤ ማን ያባዛል ወይኔ?
ዋጋውን ሲነግረኝ፣ ሦስት ሺህ ድርሃም፣
ስምንተኛዋን ያለ ማይክ አልኳት።

«እንግዲያው ባለ አራቱን ውሰድ፣ አራት ዘፈን ባንዴ!»
አራት? ለራያ አንድ፣ ለጅማ አንድ፣ ለጉራጌው፣ ለጎንደሬው፣
ቀሪው የት ሊሰለፍ? ሀገሬን በስንት ቻናል ልቁጠራት፣ ሰውዬው?

አምና አንድ ምሽት፣ ከቤት የሚመጣው ወሬ የከፋ ሰሞን፣
አንዱን ዘፈን ስከፍት ግማሹ ተቀመጠ፣
ሌላውን ስከፍት የቆመው አፈጠጠ።
ወንበር ተንሸራተተ። አንድ ኩባያ
ጠረጴዛ ላይ አረፈ፣ ከሚገባው በላይ ጮኾ።
ያኔ የሠራው ጣቴ ነው፤ በቀስታ፣ በፀጉር ልክ፣
የአንዱ ከበሮ ሳይበርድ የሌላውን ክራር ከሥሩ ሳስገባ፣
የማን አልቆ የማን እንደጀመረ ማን ይለይ?
ሁሉም ቆመው ተገኙ። ተያዩ። ቀጠሉ።
ያ የሆነው በሁለት ቻናል ነው።

ስለዚህ፣ ሻጂ፣ መብራቱን ተወውና ጣቴን ልጠይቀው፤
ዓይኔን ጨፍኜ ነው ፌደር የምመርጠው።
ስንጥቅ እንዳይኖረው ነው። በሁለት ዘፈን መሐል ዝምታ ከገባ፣
ትርንጎ ስልኳን ታያለች፤ ለተብርሃን ሰዓቷን፤
አራት ሰዓት ሲሆን ማዳም ትቆልፋለች በሯን።
ያቺ ስንጥቅ፣ ለጥበቷ፣ ስንት ጉድ ያልፍባታል።

ደግሞ አንዲት ቁልፍ አለች፣ ለብቻ መስሚያ፣
አዳራሹ ሳይሰማ የሚመጣውን መቅመሻ።
ደላላው ወረቀት ዘርግቶ «ፈርሚ» ያላት ዕለት፣
ለተብርሃን ያቺን ቁልፍ ምነው ባገኘቻት!
አንድ ደቂቃ ብቻ፣ በጆሮዋ፣ የማዳምን ድምፅ ሰምታ…
ተውኩት። ሻጂ ያየኛል፤ ጣቴ ቁልፏ ላይ ቀርታ።

ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከገመድ ክምር ሥር፣
ጠርዙ የተላጠ፣ ጥቁር፣ ባለ ሁለት ቻናል ነበር።
ጀርባው ላይ በማርከር «ሮዴል» ተብሎ ተጽፏል፤
ፊሊፒኖ ነበር አሉ፤ ቪዛው ሲያልቅ ሸጦት ሄዷል።
ፌደሩን ገፋሁት። ሄደ። መለስኩት። መጣ፣
ያለ ኮሽታ፣ ያለ ቁጣ።
ስድስት መቶ ሃምሳ አለኝ፤ ስድስት መቶ ሰጠሁት፤
የሮዴልን ስም አልፋቅሁም፤ እንዳለ ተውኩት።

ዛሬ አርብ ነው። ግራው ይሠራል፤ ቀኙም።
ዘይቱና ከከሚሴ፣ በድምፅ መልእክት፣
«ያን ዘፈን ጨረስከው ወይ፣ እኔ የሄድኩበት?»

አልጨረስኩትም፣ እቱ፤
ሊያልቅ ሲል ከሥሩ ሌላ አስገባሁበት።