የሁለት ሌሊት መንበር

ከሌሊቱ ዘጠኝ፥ ከዐሥር ደቂቃ ላይ፥
ስልክ ጮኸ ከራስጌ፤ ነይ ሮቲያ! ነይ!
(«ነይ» በደሴቷ ቋንቋ፥ እመቤት ማለት ነው፤
በእኔ ግን ጥሪ ነው። በዚያች ሌሊት ሁለቱም ልክ ነው።)

«ፕሬዚዳንቱ ዐረፉ» አለ ሐኪሙ፥ ድምፁ ሲቆራረጥ፤
ከድምፁ ኋላ ባሕሩ፥ ኮራል ሲያላምጥ።

አላለቀሰችም፤ ልቅሶ ተራ አለው።
(ሟቹ የአክስቷ ልጅ፥ አብሮ አደጓ ነው።)
የምክር ቤት ጸሐፊ ቀድሞ የሚቀሰቅሰው
ከመሳቢያ ያለውን፥ ጨው የበላውን ሕግ ነው።

«መንበሩ ክፍት ሲሆን» ይላል የሕጉ ቃል።
እንደ ምን ነው ክፍቱ? ሱቅም ይከፈታል፤
ቁስልም ክፍት ይሆናል፥
መቃብሩም ነገ፥ አሸዋው ይከፈታል።
እኔ ከሩቅ ሆኜ፥ በግዕዝ ሳስብበት
አንቀጽ ማለት በር ነው፤ ሰው የሚገባበት፥
ሰው የሚወጣበት፥
ማንም ግን አልጋውን የማያነጥፍበት።

ምክትሉ ይማላል። ሕጉ ያለው ይኸው።
ምክትሉ ግን የለም፤ ከሩቅ ደሴት ነው፥
ሴት ልጁን ሊድር ሄዶ።
ትንሿ አውሮፕላን ጎማዋ ተንፍሶ ቆማለች ከሜዳው፤
ጀልባ ሁለት ሌሊት፥ ነፋስ ከፈቀደው።
እስኪመጣ ድረስ፥ ሕግ የቆጠራቸው
ሦስት ሰዎች ባንድ ላይ፥ አንድ ሰው ናቸው፦
ዳኛው፥ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ፥
አፈ ጉባኤው ባራኒኮ፥ መረቡን ጥሎ ከነእርጥበቱ የከነፈ፥
ሦስተኛዋ ነይ ቴኪኔኔ፥ አስሟ ያፈናት፥
ከመፈረሟ በፊት ትንፋሽ ያስመጧት።

ጎሕ ሳይቀድ የፖሊስ አዛዡ መጣ፥ ቆቡን በብብቱ ይዞ።
«ሦስት ሰው ብዙ ነው» አለ በለሆሳስ።
«ሁለት ሌሊት ብቻ፥ እኔ ልያዘው።»
ሮቲያ መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት።
«ስምህ ካለበት አሳየኝ።»
በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፥ ከንፈሩን እያነቃነቀ
አነበበ። ገጽ ገለጠ። ደግሞ አነበበ።
ዶሮ ጮኸ። ባሕሩ ሸሸ።
«የለም» አለ።
«የለም» አለች።
ቆቡን ደፋ፤ ወጣ፤ ከበሩ ቆመ፥ በውጭ በኩል፥
ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ።

ሁለት ሌሊት ሙሉ መንበሩ ላይ የተኛች
አንዲት የኩሽና ድመት ነበረች።
ስሟ በየትኛውም አንቀጽ አልተጻፈም፤
ቢሆንም እሷን ማንም አላስነሣም።
የሟቹ መነጽር፥ እግሩ በሽቦ የታሰረ፥
ከደብዳቤ ላይ ተዘርግቶ፥ ያልጨረሰውን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ጀልባዋ ደረሰች።
ምክትሉ ወረደ፤ ባሕር አናውዞታል፥
የሠርጉ አበባ ጉንጉን ካንገቱ ጠውልጓል።
እጁን ከመጽሐፉ ላይ አሳረፈ፤ እጁ ጨው ጨው ሸተተ፤
የመሐላው ቃል መሐል ላይ አንዴ ተደናቀፈ፥
ዳኛውም በትዕግሥት ከመጀመሪያው አስጀመረው፤
ሕግ ለደከመው ሰው እንኳ ግማሽ መሐላ የለው።

ከበሩ ላይ አዛዡ ሰላምታ ሰጠ፤ ድመቷም ዘላ ወረደች።
ሮቲያ መዝገቡን ከፈተች፥ ጻፈች፦
ክፍት የሆነበት፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ከዐሥር።
የተሞላበት፥ ከረፋዱ አምስት ተኩል።
በወረቀቱ ጠርዝ ደመረች፥ ቀነሰች፤
ኀምሳ ስድስት ሰዓት፥ ከሃያ ደቂቃ።
ከሥሩ የሟቹን ሙሉ ስም ልታሰፍር
እጇ ሌላ ጻፈ፤
ኮኮናት ሲሰርቅ ወድቆ ጥርሱ የተሰበረ ዕለት
እሷው ያወጣችለትን፥ የልጅነት ስሙን።

አየችው።
በአንድ መስመር ሰረዘችው፥ እንዲነበብ አድርጋ፥
ደንቡ እንደሚያዘው፤
ከጎኑም ፈረመች።
ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።