የሳሙናው ፊደል

ሐሙስ ሦስት ሰዓት እንደምንመጣ ደብዳቤ ጽፈናል፤
ማኅተም አርፎበታል፣ ቁጥርም ወጥቶለታል።

ከታቦር ተራራ ግርጌ ያለው የልጆች ማሳደጊያ
ቀለም ተቀብቶ ጠበቀን፣ ከአጥሩ እስከ በሩ መዝጊያ፤
ግድግዳውን ደገፍ ብል ነጩ መዳፌ ላይ ቀረ፤
ኃላፊው ሳቀና ስለ በጀት እጥረት ማውራት ጀመረ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዋላጅ ነበርኩ፤
ጡረታ ወጣሁና የቋሚ ኮሚቴ ባጅ አንጠለጠልኩ።
ስድስት ሆነን ገባን፣ እያንዳንዳችን ቅጽ ይዘን፣
ሃያ ሦስት ጥያቄ፣ «አለ» ወይም «የለም» ብለን
እስክሪብቶ የምናሳርፍበት ትንንሽ ሣጥን።

መኝታ ቤት። አንሶላ? አለ።
የታጠፈበት መስመር አልጠፋም ገና፤
አንድም ሌሊት ሰው አልተኛበትምና።
መታጠቢያ ቤት። ሳሙና? አለ።
አነሣሁት። ደረቅ ነው።
ፊደሉ ላዩ ላይ ቆሟል፣ ከነጠርዙ፣ ከነማዕዘኑ።
ሳሙና ሥራውን ሲሠራ እኮ
መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው።

ልጆቹ በቁመት ተሰልፈው አጨበጨቡልን፤
«እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ዘመሩልን።
«ችግር አለ?» አልን።
«የለም!» አሉ፣ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በአንድ ቃል።
ከጫፍ የቆመው ቡሪሶ ብቻ ዘገየ፤
ግማሽ ትንፋሽ ቢሆን ነው። ማንም ልብ አላለ።
አዋላጅ ግን ታውቃለች፤
ሕፃን ከማልቀሱ በፊት ያለችው ዝምታ ላይ
ስንቴ ቆማለች።

ምሳ ሐይቁ ዳር ነበር፣ የቆሮሶ ጥብስ።
አባ ኮዳዎቹ ከኋላችን ቆመው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣
እንደ ኦዲተር እሾህ እሾሁን ይቆጥራሉ።
ሂሳቡን ማን ከፈለ? ያን ቀን አልጠየቅሁም።
ኋላ ጠየቅሁ። ማሳደጊያው ነው።

ሪፖርቱ «በአመዛኙ አበረታች» አለ።
ከግርጌው «ሌላ አስተያየት» የሚል ሁለት መስመር ነበረ፤
«ሳሙናው አልተነካም» ብዬ ጻፍኩበት።
ሰብሳቢው አቶ ሐመሶ መነጽሩን አወለቀ፤
«ሲስተር አማከለች፣ ይሄ ግኝት ነው?» ብሎ ጠየቀ።
«ነው።»
«ሳሙና?»
ቤቱ ሳቀ። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ።

ማክሰኞ ማታ፣ ሁለት ሰዓት፣ ዝናብ።
ደብዳቤ አልጻፍኩም። በባጃጅ ሄድኩ።
ዘበኛው ባጄን በባትሪ አየና ከፈተልኝ፣ ፊቱ ጠቆረ፤
የልጆቹ መኝታ ቤት ላይ፣ ከውጭ በኩል፣
የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ነበረ።

«እንዳይጠፉ ነው፣ እትዬ። ሥርዓት ነው።»
«እሳት ቢነሣስ?»
ኪሱን ፈተሸ፣ ሌላኛውን ኪስ፣ የካፖርቱን ደረት፤
ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፤ ኃላፊው ዳቶ፣ እቤቱ ነው፤
ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም።

ቢጫ ጄሪካን ገልብጬ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።
ከውስጥ እግሮች መጡ፣ ባዶ፣ ቀስ ያሉ፣
ከበሩ ሥንጥቅ አጠገብ ቆሙ።
«እማማ፣ ያኔ ሳሙናውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ?»
«ነኝ።»
«መልሰሽ አስቀመጥሽው?»
«አስቀመጥኩት።»
«እሰይ። ስትሄዱ ቆጥረው ወሰዱት።»
ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ፣ እንደ ምሥጢር፣
«ባልዲው ሞልቷል» አለኝ።

ቁልፉ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤
ሰዓቱን መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ፣
ያኔ ቀለሙ የነካኝ ቦታ ላይ።

ሃያ ሦስቱን ጥያቄ ደግሜ አነበብኩ እቤቴ፣
ስለ ቁልፍ አንድም የለም። ወይ የእኛ ኮሚቴ!
ከወረቀቱ ጠርዝ፣ ከሠንጠረዡ ውጭ፣
በራሴ እጅ ሃያ አራተኛ ጨመርኩ፦
«ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ ነው?»
«አለ» ወይም «የለም» የሚባልበት ሣጥን
አልሠራሁለትም።