አራት ነጥብ

ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ጓሮ፣ ከመዝገብ ቤቱ ውስጥ፣
ማራገቢያው ከቆመ ሰንብቷል፤ ሙቀቱ ሰው ያቀልጥ።
አንድ የደመወዝ ደብተር አለ፣ ጀርባውን ምስጥ የበላው፣
የአይሻና የደወሌን ሐዲድ ጠጋኞች የያዘው።

ካቦው ፊደል አልቆጠረም። እርሳስ ግን ነበረው፤
የሠራተኛውን ስም ሁሉ እየሳለ አኖረው።
ሁለት የእግር ዱካ ለጌዲ፤ ክብ ጋሻ ለጋሻሁን።
(«ሁን» እንዴት ተደርጎ ይሳላል? ተወው፤ አንባቢው ይሁን።)

ይህን ልፈታ ብዬ አንድ መጽሐፍ ተዋስኩ፣
የጥንት ሜክሲኮን ስዕል ገጽ በገጽ ዳሰስኩ።
(አለቃዬ «ሜክሲኮ» ስል አደባባዩ መስሎት፣
«እዚያ ደግሞ ምን ስዕል አለ?» አለ፣ የታክሲው ሰልፍ ትዝ ብሎት።)
ናዋዎች ጥርስ ስለው «አጠገብ» ብለው ያነቡታል፤
ድምፅ ከድምፅ ስለገጠመ ነው፤ ቅኔ ቤት ይህን ያውቀዋል።
ጋሻና ዱላ «ጠላት» ነው፣ የልጅ ስም ነው ደግሞ፤
የእኛ ጋሻሁን ይህን ቢሰማ፣ ይሟገት ነበር ቆሞ።
የዝናብ ጠብታም ስም ነው እዚያ።

                    ከደብተሬ ገጽ ላይ
አንድ ራስ አለ፣ አራት ነጥብ ያረፈበት፣ እንደ ካፊያ ከሰማይ።
ዝናብ ነው አልኩ። ግን በማን ቋንቋ ነው የሚዘንበው?
በአማርኛ ዝናቡ፣ በኦሮምኛ ሮባ፣ በሶማሊኛ ሮብሌ ነው።
ሦስት ሰው በአንድ ካፊያ ረጠበ፤
ደመወዙ የአንዱ ነው።
ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ረጅም ማስታወሻ ጻፍኩ፣
ወደ ሮብሌ አዘነበልኩ።

ሐሙስ ኤዶ አምበሮ ከሽንሌ መጡ፣ በአይሱዙ ተጭነው፣
የአባታቸውን የአገልግሎት ማስረጃ ፈልገው።
ጣታቸው በገጹ ወረደ፤ ከነጥቦቹ ዘንድ ቆመ።
ሳቁ፣ ሻሻቸው እስኪወርድ። ሳቃቸው ቶሎ አልከሰመ።

«ዝናብ? ይሄማ ፈንጣጣ ነው፤
ልጅ ሳለ ይዞት፣ ፊቱን እንዲህ አርጎ የተወው።
ካቦው ‹ፉሩቅ› ይለዋል፣ እሱም አቤት ይል ነበር።
ዝናብማ ቢኖር ልጄ፣ ግመሎቹን ትቶ
ለሐዲድ ይቀጠር ነበር?»
«ስማቸውስ?»
«ሰማተር። በስሙ የጠራው የለም፣ ከእናቴ በቀር።»

ማስታወሻዬን አጠፍኩት። ቅጹ ላይ «ሰማተር» ብዬ ጻፍኩ፤
እንደ ልማዴ ከመጨረሻው አራት ነጥብ ላሳርፍ አልኩ፣
እጄ እንደተነሳ ቀረ።
               እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን
ከስሙ ጎን አትመው ወጡ፤ ያን ክብ፣ ያን ጥምዝምዙን።
ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።
እዚህ አገር ብዙ አይቆይም።