ጎርሶ ያደረ

ሁለት ሰዎች መጡ ከኮምቦልቻ ሽቅብ፣
ሐረጎን ጨርሰው፣ ጭጋጉ ሲያንጠባጥብ፣
ሸዋ በር ካለችው ከአሊጋዝ ሱቅ ደጃፍ፣
የስፌት መኪና ከምንፈታባት ጠባብ አፋፍ።

ሙሔ ነው ወጣቱ፤ በማዳበሪያ ጆንያ
ጠቅልሎ ተሸክሟል የሟች አባቱን መሣሪያ።
ሽማግሌው ጀውሃር፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣
ጃንጥላውን አጥፎ ተቀመጠ፤
ሰላም አለ እንጂ ሌላ ቃል አልደገመም።

«ጎርሳለች» አለ ሙሔ፣ «አትውጥም፣ አትተፋም፤
ክዳኗን ብከፍተው ጥይቱ ንቅንቅ አይልም።»

አሊጋዝ ገለጣት።
ሰናድር ናት፣ ዕድሜ ጠገብ፤
ስትሠራ ባፏ ነበር የምትመገብ፣
ባሩዱም እርሳሱም በዘንግ እየተጠቀጠቀ፤
ኋላ ዘመኑ ረቀቀ፣
ማጅራቷን ቀደው ክዳን ገጠሙላት፣
በአፍ መብላት ቀረና በአንገቷ አጎረሷት።
«ሁለቴ የተፈጠረ» ይላል አሊጋዝ፣ «ሁለት አመል አለው፤
የቱ እንዳመመው ለማወቅ ሁለቱንም ጠይቀው።»

ጠየቃት።
ባትሪውን አብርቶ ባፈሙዙ አየ፤
ከጨለማው ማዶ ግራጫ ዓይን ታየ።
«ባዶ ቀለህ አይደል፤ እርሳሱም አብሮ አለ።»
እጄ ላይ መዶሻው ከበደኝ፤ ሱቁም ዝም አለ።

ሙሔ ተጣደፈ፦ «እሳት ብናስጠጋው?
ቆርቁረን ብናየው? በመርፌ ብንወጋው?»
«እሳት?» አለ አሊጋዝ፤ ግራ እጁን ዘረጋ፤
ሦስት ጣት ነበረው።
ሙሔ አፉን ዘጋ።

ከዚያ ምክንያቱን ተረከ፣ እንደ ሐኪም በትዕግሥት፦
ከዓመት ዓመት ያልተጠረገ ጥላሸት፣
ነሐሱ ላይ አረንጓዴ የሻገተ፣
የቆላ ሙቀት ነፍቶት እንደ ሽብልቅ የተከተተ።
«ነሐስ ሆደ ባሻ ነው፤ ሲሞቀው ከብረት ቀድሞ ያብጣል፣
ሲበርደውም ቀድሞ ይኮማተራል።
ለዚህ መድኃኒት ደግሞ ደሴ ሞልቷል።»

ከኋላ ዘይት አጠጣት፣ የካፕሱሉ ነፍስ እንዲወጣ፤
አፈሙዟን ወደ ግንቡ አዙሮ ጓሮ አስተኛት፣
የጦሳ ውርጭ እስኪመጣ።
እንግዶቹ ሆጤ፣ ዘመድ ቤት አደሩ።
እኔ ግን የቆርቆሮውን ጩኸት ስሰማ እስኪነጋ ድረስ፣
«ያጎረሰ እጅ ይነከሳል» የሚሉት ተረት
ራሴ ውስጥ ሲመላለስ።

ጠዋት ውርጩ ብረቱ ላይ ጨው መስሎ ተነስንሷል።
አሊጋዝ ከወይራ የተላገ ዘንግ በአፈሙዙ ሰድዷል፤
ከፊት የቆመ የለም፣ ከኋላም የለም፣ እሱም ከጎን ነው፤
መዶሻ አልፈለገም፣ በመዳፉ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ነካ አደረገው።
ያን ሁሉ ፈርተነው፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ፣
ያለ ድምፅ ወደቀ ከዘረጋነው ቁራጭ ልብስ።

እርሳሱን በጉጠት ነቀለ፣ ባሩዱን ቦይ ውስጥ አፈሰሰ፣
ቀለሁን በሸሚዙ ጫፍ አበሰ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፦
«ተመቷል እኮ!» አለ።

ካፕሱሉ መሐል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ።
ቃታ ተስቦ ነበር። እምቢ ያለው ባሩድ።
«አባቴ? በማን ላይ?» አለ ሙሔ፣ ፊታችንን እያየ፤
መልሱ ከአግዳሚው ተነሥቶ፣
በጃንጥላው ተደግፎ፣ እጁን ዘርግቶ ታየ።

«አምጣው» አለ ጀውሃር። «ለኔ የተቆረሰ ጉርሻ ነው።
ቦርከና ዳር፣ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተን ነው።
ቀጭ አለች፤ ሌላ የለም። ሁለታችንም ቆመን ቀረን።
ያን ምሽት ከአንድ ትሪ በላን፤
እስኪሞት ድረስ ግን አንድ ቀን አላወራን።»

ቀለሁን ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ ለሌለ ሰው፦
«ቃልህን ስጠብቅ፣ ወንድሜ፣ ቀለህህ ደረሰኝ» አለው።

ካፖርቱ ኪስ ከተተው፤ ከመቁጠሪያው ተጋጭቶ ቅጭል አለ።
«ስንት ነው?» ሲል ሙሔ፣
«የሠራው ብርዱ ነው፣ ለጦሳ ክፈል» አለ።
ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፦ «ያቺን ሲንጀር አቅርባት፤
የወይዘሮ ዘሃራ ናት፣
ክር እየነከሰች ነው ያስቸገረቻት።»