አለ፣ ግን አልተገኘም

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት ሸአን ሜዳ ላይ፣
የቴምር ማሸጊያው መብራቱ እንደ ፀሐይ፤
ሠላሳ ስድስት ቁልል ካርቶን ስም አልባ ቆሟል፣
የሃይፋው መኪና ሞተሩን አሙቋል፤
ሹፌሩ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነካ።
እኔ ወንበሬ ላይ ትዕግሥቴን ስለካ፣
ያው ቀይ ዓረፍተ ነገር መጣ እንደገና፦
«ስክሪፕቱን ማስነሳት አልተቻለም፤ ፋይሉ አልተገኘምና።»

እንዴት አልተገኘም! ይኸው ተቀምጧል፣
አቃፊው ውስጥ ገብቼ ዓይኔ አይቶታል፣
ስሙ፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ ሁሉም ተጽፏል።
ፈቃዱን መረመርሁ፤ ሰጥቼው ነበረ፤
አጥፍቼ አበራሁት፤ እዚያው ላይ አደረ።
ፊደል በፊደል ቆጠርሁ፣ ዳዊት እንደሚደግም፣
ነጥቡም ሰረዙም አለ፤ አንድም የጎደለ የለም።

ኒሲም ደወለልኝ፣ እንቅልፍ በድምፁ ላይ፦
«የፋይሉን መንገድ ልኬልሽ የለም ወይ?
እሱን ቅጂው።» ቀድቼዋለሁ፣
እንዳለ፣ አንዲት ፊደል ሳልነካ።

ዘበኛው አያ ፈረደ፣ ባትሪውን እንደያዘ፣
በሩን ገፋ አድርጎ፣ ስክሪኑን አየና ተከዘ።
ኮምፒውተር አያውቅም። ፊደልም ቢሆን የቆጠረው
በሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ኡልፓን ነው ያስተማረው።
«የመጽሐፉ ፊት» አለኝ፣ «እስኪለየኝ ከጀርባው፣
አንድ ክረምት ሙሉ ከመጨረሻው ነበር የምገባው።»
ከዚያ ወደ ረጅሙ መሥመር በጣቱ ጠቆመኝ፦
«ይኼስ እንደኛ ከግራ ነው፣ ወይስ እንደነሱ ከቀኝ?»

«ከግራ ነው» አልሁት። አልሁና ዝም አልሁ።

የኒሲም መልእክት ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤
ከቀኝ ይነሳና እመንገድ ላይ ይዞራል፣
መዞሪያው ላይ ደግሞ ምልክት ይተክላል፣
ዓይን የማያየው፣ ስፋት የሌለው፣
«ከዚህ ወዲያ በዚያ ዙር» የሚለው።

ጠቋሚውን መሥመሩ ጫፍ ወስጄ አቆምሁት፣
ማጥፊያውን በቀስታ አንድ ጊዜ መታሁት፤
ምንም አልጠፋም። ፊደል አልቀነሰም።
ጠቋሚው ካለበት አልተነቃነቀም።
ሁለተኛ ስመታው ግን አንድ ፊደል ሄደ።
መልሼ ጻፍኋት፣ በእጄ፤ ስክሪፕቱም ታዘዘ።

ፕሪንተሩ ብርድ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ፣
«መጁል፣ አምስት ኪሎ» የሚል ልጣፍ አመጠ።

አያ ፈረደ አንዱን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው፣
ዕብራይስጡን ከቀኝ፣ ላቲኑን ከግራ አየው፣
መሐል ላይ ሲገናኙ ጣቱን አሳረፈ።
«ታዲያ ምን ነበር የሰረዝሽው?»
«ምንም» አልሁት።
አላመነኝም። እውነቴን ነበር።

ውጭ ሹፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ ክላክሱን ነካ።