ከጆሮ እስከ ጣት

በመኪና ግርግር፣ በዚያ ጠባብ መንገድ፣
ቀኜ ነበር አዛዥ፣ ሲለካና ሲቀድ፤
ግራዬ ተላላኪ፣ ጨርቅ አቀባይ ነበር፣
መቀስ ይዞ አያውቅም፣ አይደፍርም አዝራር።

ዒድ ሊገባ ሦስት ቀን፣ ሱቄን ሞልቶት ልብስ፣
የአንድ ልጅ ጀለቢያ እጅጌው ሳይጨረስ፣
ምት መታኝ።

መርፌው ጨርቁን ወግቶ እንደ ቆመ ቀረ፤
አፌ ጠመመና ቃሌ ተሰባበረ፤
ቀኜም ተንጠለጠለ፣
ልክ እንደ ጀለቢያው፣ እጅጌ ብቻ መሰለ።

ከማዕድ ስንቀርብ ግን፣ እሱ ነው የባሰው፤
ቢስሚላህ እላለሁ፣ ግራዬ ነው 'ሚቆርሰው።
ልጄ ረምላ ያኔ ቀና ትላለች፣
የግድግዳውን ሰሃን ትቆጥራለች።

ኢፍቱ ትባላለች፣ ከሆስፒታል የመጣች፤
የክብሪት ታላቅ ወንድም የሚያህል ሳጥን ይዛ መጣች።
እጄን የምትይዝ መስሎኝ ዘረጋሁላት፤
እሷ ጆሮዬን ያዘች።

እርሳሴን አርባ ዓመት ያኖርኩበት ጆሮ
ዛሬ ቆንጣጭ ያዘው፣ በሽቦ ታስሮ።
«ልትበሺኝ ነው?» አልኳት። «ቆዳ አይቀደድም፣
ደም አይፈስም አባባ፣ መርፌም አይገባም።»
ሳቅኩ በግማሽ አፌ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤
ሳይወጋ 'ሚሰፋ አላየሁም በዓይኔ።

አዝራር በተነችው በገበታው ላይ፤
«ያንሱ» ትለኛለች። ጣት ይሰማል ወይ?
ልክ ላነሳ ስታገል ቁልፉን ትጫናለች፣
ከጆሮዬ ውስጥ ጉንዳን ትነዝራለች።
«ሳጥኑ ያንኳኳል እንጂ በር አይከፍትም፤
እርስዎ ካልተነሱ ማንም አይገባም።»

አምስት በር ባለው ከተማ ተወልጄ
አንድ በር አቃተኝ፣ የሚወስድ ወደ እጄ።

ከጆሮ እስከ ጣቴ ስንት ክንድ ይሆናል?
ሜትሬ ዘጠና አለ። ሜትርም ይዋሻል።
ስድስት ሳምንት ሄድኩት፤
ገና መንገድ ላይ ነኝ።

ትናንት መብራት የለም፤ ባትሪው አልተሞላ፤
ኢፍቱም ቀረችብን፣ ዝናቡ አይሎ።
ረምላ አዝራሮቹን ልትሰበስብ ስትል
አንዱ ተነሳ።
ተነሳ ማለቴ፣
በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል
ለአንድ ትንፋሽ ያህል
ቆየና ወደቀ፤
ተንከባሎ ሄዶ ከቁምሳጥኑ ሥር ገባ።
አልፈለግነውም።
እሱ እዚያው ይቀመጥ።

የጣለኝም ምት ነው፣ የሚያንኳኳኝም ምት፤
የልቤም ስሙ ያው፣ ከጥንት ከጥዋት።
ምት የወሰደውን ምት ይመልስ እንደሁ
ሐኪም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ዒዱ አልፏል። ልጁም ረዝሟል አሉ፤
እጅጌው ቢያልቅም አይደርስ ከክንዱ።
መርፌውን ግን ከጨርቁ አልነቀልኩትም።
ረምላ አልፎ አልፎ
ሱቁን ከፍታ ትገባለች፤
እንዳይዝግ ብላ
ዘይት ትቀባዋለች።