አሥራ ሁለት ዓይነት ፀሐይነሽ

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በአጎቴ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤
የጭነቱ ባቡር አልፎ የመስኮቷን ፍርግርግ ሲያንቀጠቅጣት፣
አጎቴ ስማቸው ሰማያዊ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ
በማጉያ መነጽር ያነባል፣ አንዱን ዓይን ጨፍኖ በአንዱ ተግቶ።
«ይኼ የቀረኝ ዓይን ሳይከዳኝ፣ ከማሽንህ ክተተው፤
ማን የት ከተማ እንደ ገባ፣ የስንተኛው ፎቅ ሰው፣
ለመርዶም ለሠርግም ደውዬ የማገኘው።»

ትልቅ ዳታቤዝ አላሻኝም፤ ሰርቨር የለ፣ ይለፍ ቃል የለ፤
በሲ የተጻፈች ትንሽ ላይብረሪ፣ አንድ ፋይል ብቻ ያላት።
የምታውቀው አራት ነገር ነው፦
መክፈት፣ ማስቀመጥ፣ ማምጣት፣ መዝጋት።
ቁልፍ ስትሰጣት ዋጋ ትሰጥሃለች፤
ማን ነው፣ ምንህ ነው፣ ብላ አትጠይቅም።

የመጀመሪያዋ ቁልፍ ፀሐይነሽ፤ ለአጎቴ የእናቱ ልጅ ናት፣
ከአውሮፕላን በወረደች ለት ጸሐፊዋ «ዚቫ» ብላ የጻፈቻት።
ዚቫ እዚህ በዋጋው በኩል ናት፤
ከአፉላ፣ ከቤት ቁጥሩ፣ ከስልኩ ጋር ትሰለፋለች።
አስቀመጥሁ። ወዲያው ጠየቅሁ።
የለም።

እንዴት የለም? አሁን በእጄ ሰጥቻት!
ፋይሉን ገልብጬ ባይት በባይት ቆጠርሁት፦
አምስት ፊደል፣ ለፊደል ሦስት ሦስት፣ አሥራ አምስት።
ሳስቀምጥ ግን አሥራ ስድስት ብዬ ኖሯል፤
ሲ ከቃል ሁሉ ኋላ የሚያቆማት ያቺ የማትታይ ዜሮ
እንደ አራት ነጥብ ዝም ብላ ከስሟ ጋር ገብታለች።
አንዴ ከነአራት ነጥቧ፣ አንዴ ያለ እሱ ብጠራት፣
ላይብረሪዋ ምን ታድርግ? ሁለት ሴት መሰለቻት።
«አጎቴ፣ ተገኘች!»
«መቼ ጠፍታ?» አለኝ።

በሳምንቱ ልጇ ሙሉዓለም መጥታ በራሷ ጣት ጻፈች፦
ጸሃይነሽ። የለም። ልጅቱ ሳቀች።
አጎቴ አልሳቀም፤ «ስም በጆሮ ይጠራል እንጂ በዓይን ነው ወይ?
ማሽንህ ጆሮ የለው? የገዛ እናቷን ሊነሳት ነው ወይ?»

ጆሮ የለውም። ለእሱ ጸሎቱ ጸ ሌላ ነው፣ ፀሐዩ ፀ ሌላ፤
ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ የማይተዋወቁ ጎረቤት ናቸው፤
ግዕዝና ራብዑም ከአንድ አፍ እየወጡ ይካካዳሉ።
ስድስት ሀ ለሁለት ጸ፣ ወረቀት ላይ ብደረድር
አሥራ ሁለት ዓይነት ፀሐይነሽ፣ ባለ አንድ ስልክ ቁጥር።

ሠላሳ መስመር ጨመርሁ፤ ስም ሁሉ ከደጅ ሳይደርስ
ንጉሡ ሠ ዘውዱን አውልቶ የእሳቱን ሰ እንዲለብስ፣
ዓይኑ ዐ በአልፋው አ ስም እንዲገባ።
ዋጋው ውስጥ ግን እንደ ደብተሩ፣ እሱ በጣላት አጣጣል ትኑር ብዬ
የአጎቴን ፀ አልነካሁም።

ገጽ አርባ ላይ ጣቱ ቆመ።
ደምለው፣ ኔቲቮት። በጥር ቀብረነዋል።
«ልሰርዘው?» አልሁት። መሰረዝ አንዲት መስመር ናት።
ማጉያውን አስቀመጠ። «ሰው መጥቶ ደምለው ቢል፣ ይቺ ምን ትለዋለች?»
«የለም ትለዋለች።»
«እንዲህ የሚባል ሰው የለም?
ወይስ ሰውዬው አለ፣ ቤቱ ነው ባዶ?»

ሁለቱ በሲ ይለያያሉ።
ቁልፉ ያልተገኘ እንደሆነ ፖይንተሩ የትም አያመለክትም።
ተገኝቶ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ዋጋ ግን አለ፤
አድራሻ አለው፣ ወደዚያ ትሄዳለህ፣
ደርሰህ የምታነበው ምንም የለም።

ደምለውን እንደዚያ አድርጌ አስቀመጥሁት።
ከዚያ ፋይሉን ዘጋሁ፤ ካልዘጉት የሌሊቱ ልፋት ዲስክ አይደርስም።
«ቆለፍኸው?»
«ዘጋሁት።»
«ምን ለየው?»
ነገ አስረዳሃለሁ አልሁ። አልሰማኝም፤
ማጉያውን መልሶ አንሥቶ
ገጽ አርባ አንድን ጀምሯል።